ለጻድቁ የተሳለች ጊታር

ሰርካለም ጊታሯን መጀመሪያ ያወቀቻት በመጥረጊያ ነው። የአያቷን ክፍል ስትጠርግ መጥረጊያው አልጋው ስር ካለ ረጅም ሳጥን ጋር ይጋጫል፤ ሳጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር ደግሞ «ዥዥዥ» ይላል። «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ስትል «ጊታር ናት» ይሏታል። በቃ። ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ አንድ ቀን «እስቲ አውጥተው ያሳዩኝ» ብላ አታውቅም። ሰው የቤቱን ዕቃ መቼ ይጠይቃል? ቁም ሳጥኑን «ለምን እዚያ ቆምህ?» የሚለው አለ?

መጠየቅ የጀመረችው ጊታሯ የነሱ መሆኗ ከቀረ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ የሰርካለም እናት የትነበርሽ ሆዷን በጠና ታመመችና ቀዶ ሕክምና ገባች። አያ ስማቸው፣ የየትነበርሽ አባት ማለት ነው፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመው ጋቢያቸውን እያጣፉ እየፈቱ ቆዩና፣ «ተክልዬ፣ ልጄን በእግሯ ካወጣህልኝ ጊታሬን» አሉ። ሰርካለም አጠገባቸው ነበረች፤ በጆሮዋ ሰምታለች። ሌላው ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ምንጣፍ ይሳላል፣ ሙክት ይሳላል። እሳቸው ጊታር። የትነበርሽም በእግሯ ወጣች፤ ይኸው ዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ክፍል ተመልሳ ገብታለች፣ ቤት ስትመጣም እንደ ድሮዋ ትቆጣለች።

ስለት አንዴ ከአፍ ከወጣ ዕቃው የባለቤቱ አይደለም። ንግሡ እስኪደርስ ቤት ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አይነካም። የተሳለ በግ አይታረድም፤ የተሳለ ጃንጥላ ሰማዩ ቢቀደድ አይዘረጋም።

ነሐሴ መጣ። የአዘዞው ተክለ ሃይማኖት ንግሥ ደረሰ። ሰርካለም ፈተናዋን ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነው፤ ዝናቡም ከቤት አላስወጣ ብሏል፤ እንግዲህ ሥራ የፈታች ልጅ ምን እንደምትሆን ይታወቃል። አንድ ጠዋት ታዲያ አያ ስማቸው፣ «የሻገተ ሳጥን ለጻድቁ አልሰጥም» ብለው ሳጥኑን ጎትተው በረንዳ ላይ አወጡትና ከፈቱት።

ሰርካለም አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

ጊታሯ ቀይ ናት። ቀይ ብሎ ማለፍ ግን አይቻልም። ከላይ እስከ ታች በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ተለብጣለች፤ ፕላስቲኩ ውስጥ የዓሣ ቅርፊት የተበተነበት ይመስላል፤ ፀሐይ ብልጭ ሲል እሷም ብልጭ ትላለች። ደረቷ ላይ ደግሞ ቁልፎች ተደርድረዋል፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ጫፍ ላይ አንዲት ሰማያዊ። ክሮቿ ዝገዋል፤ አንዱ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል።

«አባባ፣ ይቺ ጊታር ናት ወይስ ማኪና?»

«ጊታር ናት። ጣሊያን አገር አኮርዲዮን የሚሠሩ ሰዎች ናቸው የሠሯት፤ ልብሷን አታዪውም? የአኮርዲዮን ልብስ ነው።»

«የት አገኟት?»

«አስመራ አንድ ሙዚቃ ቤት ሲዘጋ። ለክፍለ ሀገሩ ኪነት ስጫወት ይዣት ያልዞርሁበት የለም፤ አይከል በይው፣ ጠዳ በይው። ማጉያው ተቃጠለና እሷም እኔም አረፍን።»

«እስቲ አንድ ጊዜ ይምቷት፤ ልስማት።»

«የማንን ዕቃ?»

«የራስዎን።»

«የኔ አይደለችም። የጻድቁ ናት።»

«ጻድቁ ይቆጣሉ?»

«ጻድቁ አይቆጡም። የምቆጣው እኔ ነኝ።»

ሳጥኑን እንጂ ጊታሯን ሳይነኩ አቧራውን አራግፈው ዘጉት። ሰርካለም ግን አልተዘጋላትም። እንዲያ ያሸበረቀች ነገር ምን ብላ ትናገራለች? ትጮኻለች? ታንጎራጉራለች? ቁልፎቹስ ምንድን ናቸው? አብራት ስትኖር አንድ ቀን አልጠየቀች፤ አሁን ደግሞ ንግሡ ደርሶ ልትሸጥ ነው፤ ከተሸጠች በኋላ ማንን ትጠይቃለች? ለሷ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ተጠቀለለ፦ ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድምጿን መስማት።

በማግስቱ አያ ስማቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሳጥኑን ከፈት አድርጋ ፎቶ አነሳች፤ መቼም ፎቶ ማንሳት መንካት አይደለም። የድሮ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች የሚሰባሰቡበት የፌስቡክ ገጽ ላይ ለጠፈችው። «ይቺን ጊታር የሚያውቅ አለ? ድምጿ ምን ይመስላል?»

መልሱ ወዲያው ጎረፈ። አንዱ «ለሽሮ ማማሰያ ትሆናለች» አለ። አንዷ «የሰርግ ኬክ ናት» አለች። ከነዚህ መሀል ሙሉቀን የሚባል ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «እባክሽ አትወልውያት። እርጥብ ጨርቅ እንዳይነካት። ስልክሽን ላኪልኝ።»

ደወለ። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ያረጁ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ይሰበስባል፤ አንዳንዱን ለራሱ ያስቀምጣል፣ አንዳንዱን ውጭ አገር ላሉ ሰብሳቢዎች ይሸጣል። ድምፁ የመምህር ነው፤ ቀስ ብሎ ያስረዳል።

«ይቺ ዓይነቷ አሁን ያረጀ ባጃጅ ትገዛለች» አላት።

ሰርካለም ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች፤ ከጀመረች ደግሞ ማን ያቆማታል?

«ያረጀ ነገር ይረክሳል እንጂ ለምን ይወደዳል?»

«ፋብሪካው ተዘግቷል። ከእንግዲህ አይሠራም። የተሠሩትም በየዓመቱ አንዱ ይሰበራል፣ አንዱ ይቃጠላል፣ አንዱ ዝናብ ይመታዋል። ስለዚህ የቀረው ይወደዳል።»

«የኛ ቤት ምጣድ ፋብሪካም ቢኖረው ተዘግቶ ነበር፤ እሱ ግን አልተወደደም።»

ሳቀ። «ልጆች እያሉ የተመኟት ሰዎች አሁን ገንዘብ አላቸው። አንዱ ሲገዛ ያየ ሌላው ይገዛል። አምና የነበረው ዋጋ ዘንድሮ የለም፤ የዘንድሮው ደግሞ ከርሞ አይገኝም።»

«እንደ ሽንኩርት በለው።»

«ሽንኩርት ተመልሶ ይረክሳል። ይሄ እስካሁን ወደ ታች ሲመለስ አላየሁም።»

«እሺ፣ የሚገዟት ሰዎች ጎበዝ ተጫዋቾች ናቸው?»

«አብዛኞቹ አይጫወቱም። መስታወት ውስጥ ይሰቅሏታል። ሙቀቱም እርጥበቱም የተመጠነ ክፍል አላቸው።»

«ታዲያ ማን ይሰማታል?»

«ማንም» አለ።

ይቺ «ማንም» ሰርካለም ጆሮ ውስጥ ቀረች።

ማታ እራት ላይ የባጃጁን ነገር ስትነግራቸው የትነበርሽ ማንኪያዋን አስቀመጠች። የሒሳብ ሰው አይደለች? ወዲያው አሰላችው። «አባየ፣ ይኸ እኮ ችግር የለውም። ለሰውየው እንሽጥና ብሩን ሙሉውን ለቤተ ክርስቲያኑ እናስገባ። አንድ ሳንቲም አንነካም። ለጻድቁም ይበልጥላቸዋል።»

«ጊታሬን ነው ያልሁት። ዋጋዋን አላልሁም።»

«ንግሥ ላይ በምናምን ብር ነው እኮ የምትሄደው።»

«ትሂዳ።»

«መምሬን እንጠይቅ።»

ጠየቁ። መምሬ ገብረ ኪዳን የንግሡን ጨረታ የሚያጫርቱት እሳቸው ናቸው፤ ሲናገሩ ሳይስቁ ነው፣ ሰሚው ግን ይስቃል። የትነበርሽ መጀመሪያ፣ «ለመሆኑ ቤተ ክርስቲያን ጊታር ትቀበላለች?» አለቻቸው።

«ፍየል ትቀበል የለ?»

«ትቀበላለች።»

«ፍየሏ ገብታ ትቀድሳለች? ይሸጣል እንጂ።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «አያ ስማቸው፣ አፍዎ ያወጣው ምን ነበር?»

«ጊታሬን።»

«እንግዲህ ጻድቁ የሰሙት እሱን ነው። ልጄ፣ ያ የአዲስ አበባ ሰው ከፈለገ ይምጣ። ጨረታው ላይ ማንንም አንከለክልም።»

ሰርካለም ለሙሉቀን ደውላ ነገረችው። አሰበና፣ «ሳልሰማት እንዴት ነው የምጫረተው?» አለ። «ድምፅ የሚይዙት ማግኔቶች ከሞቱ ዋጋዋ በግማሽ ይወርዳል።»

«እኔም እኮ የቸገረኝ እሱ ነው። ስማ፣ ማጉያ ይዘህ ና።»

ንግሡ ዕለት ዝናቡ ለጻድቁ ሲል ረፋዱ ላይ አባራ። ጭቃው ግን የትም አልሄደም። ቅዳሴው አልቆ፣ ሕዝቡ ድንኳኑን ከቦ፣ መምሬ ገብረ ኪዳን ማይክራፎኑን ጨብጠው ጨረታው ተጀመረ።

የአዘዞ ጨረታ እንደ ሌላ ጨረታ አይደለም። ሰው የሚጫረተው ዕቃውን ፈልጎ ሳይሆን ለበረከት ነው። ያሸነፈ ሰው ከፍሎ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ደስ ካለው ደግሞ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ያነሳዋል፤ ከራስ በላይ ማንሳት «ለጻድቁ መልሻለሁ» ማለት ነው። ያኔ እልል ይባልና ዕቃው እንደ አዲስ ይሸጣል። አንድ ጃንጥላ ደጋግሞ ሲሸጥ ቆይቶ መጨረሻ ላይ በዋጋ ከመኪና ጎማ በልጦ ቁጭ ይላል። ይሄን ለሰው ማስረዳት የሚባል ነገር የለም፤ እዚህ የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያልተወለደ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመጣም።

ሙሉቀን የደረሰው አንድ ጃንጥላ ሲጫረት ነው። አውሮፕላኑ በደመና ዘግይቶበታል። ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ ነጭ ጫማ ያደረገ ሰው ነው፤ ነጭ ጫማ፣ በነሐሴ፣ አዘዞ። ሰርካለም በጫማው ለየችው።

«ሰርካለም ነሽ? የት ናት?»

«ያቻት፣ ምንጣፎቹ ጋ። ማጉያውስ?»

ቦርሳውን መታ መታ አደረገ። «የውሃ ኮዳ ታክላለች፤ በባትሪ ነው የምትሠራው። ለአንድ ደቂቃ ብቻ ብንሰካት?»

«እዚህ ግቢ ውስጥ? እነዚያን መቋሚያ የያዙ አባቶች አይተሃቸዋል?»

አያቸው። ሐሳቡን ተወ።

በዚህ መሀል ቢያዝን የሚባል ባለባጃጅ ጃንጥላውን አሸንፎ ከራሱ በላይ አነሳ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሙሉቀን ፈገግ አለ። «ደስ ሲሉ» አለ። ሰርካለም አልመለሰችለትም፤ ዓይኗ ጊታሯ ላይ ነበር።

መምሬ ገብረ ኪዳን ጊታሯን ሲያነሱ ሕዝቡ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «የአያ ስማቸው ስለት ናት። ስትመታ ምን እንደምትል አላውቅም፤ እዚህም አትመታም። ግን ጻድቁ የተቀበሏት ናት። ከአምስት መቶ እንጀምራለን። ማን አለ?»

አያ ስማቸው አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። የትነበርሽ ጃንጥላ ዘርግታላቸዋለች፣ ዝናብ ሳይኖር።

«አምስት መቶ» አለ ሙሉቀን። ሌላ ሰው ይጫረታል ብሎም አላሰበ።

«አንድ ሺህ» የሚል የሴት ድምፅ መጣ። እትየ እናኑ ናት፤ የጠዳዋ እህል ነጋዴ። አዘዞ ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት አካባቢ መጋዘን አላት፤ ጤፍ ሲረክስ ገዝታ ታስቀምጣለች፣ ሲወደድ ታወጣለች። ስለ ጊታር የምታውቀው ነገር የለም። ግን ነጩን ጫማ አየች።

«ሁለት ሺህ» አለ ሙሉቀን።

«አራት።»

«አምስት።»

«አስር» አለች እናኑ፣ ከጎኗ ያለችውን ሴትዮ ደግሞ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «በአውሮፕላን የተመጣለት ዕቃ ክፉ አይሆንም» አለቻት። ሕዝቡ አውካካ። ከዚያማ ሌላውም ሰው ገባበት። ግማሹ ለበረከት፣ ግማሹ አዲስ አበቤው እንዲህ በቀላሉ ይዟት እንዳይሄድ። ዋጋው ሲወጣ ሰርካለም ሙሉቀንን ታየዋለች፤ ጆሮው ቀላ። ሙሉቀን ስልሳ ሺህ ሲል እናኑ ነጠላዋን አስተካክላ ተወችው።

«ስልሳ ሺህ አንድ፣ ስልሳ ሺህ ሁለት፣ ሦስት። ይባረክልህ።»

ሙሉቀን ብሩን በስልኩ ላከና ለጸሐፊው አሳየ፤ ጸሐፊው መነጽሩን ገፋ አድርጎ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ጊታሯን ሰጡት። ሙሉቀን አቀፋት፤ አገላብጦ አያት፤ ፀሐይ ከደመና ወጥታ ፕላስቲኳ ብልጭ አለ። ሕዝቡ ያየዋል። እሱም ሕዝቡን አየ። ያ ባለባጃጅ ያደረገውን አስታወሰ መሰለኝ፤ ደስታውን ለሰው ማካፈል ፈለገና ጊታሯን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሳት።

እልልታው ያላስተጋባው ገደል አልቀረም። የቅድሙ ሁሉ ምንም ነበር። አንድ ሽማግሌ መጥተው ትከሻውን ሳሙት።

«አዲስ አበቤው መልሷል» አሉ መምሬ ገብረ ኪዳን በማይክራፎኑ። «እግዜር ይስጥልን። ጊታሯ እንደ አዲስ ትጀመራለች።» እጃቸውን ዘርግተው ከሙሉቀን እጅ ተቀበሏት።

ሙሉቀን እጁ አየር ላይ ቀረ። ሰርካለም በጭቃው እየተንሸራተተች ደረሰችለት።

«ምንድን ነው ያሉት?»

«መለስካት እኮ።»

«ማን፣ እኔ?»

«ከራስ በላይ ማንሳት መመለስ ነው። ለጻድቁ ሰጠሃት።»

«እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነው።»

«ልንገራቸው? መምሬ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ይገባቸዋል።»

ሙሉቀን ዞሮ አየ። ሴቶቹ አሁንም እልል ይላሉ። ሽማግሌው አሁንም ትከሻውን ይዘውታል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ተይው» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚህ በኋላ ምን ብዬ ነው የምቀበለው?»

ሁለተኛው ዙር አጭር ነው። ሰው ከስልሳ ሺህ እልልታ በኋላ ደክሞታል። ሙሉቀን ስልኩ ላይ የቀረችው ብር እስከበቃችው ድረስ ተጫረተ፤ እናኑ አስራ አምስት ሺህ ብላ ዘጋችው። ጊታሯን ስትቀበል ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ፣ ታነሳ ይሆን ብሎ። እናኑ ብብቷ ሥር ሸጎጠቻት።

«አላነሳም፤ አትዩኝ» አለች። «አምና ምንጣፍ አንስቻለሁ።»

ከግቢው ሳትወጣ ሙሉቀን ተከተላት። «እትየ፣ የከፈሉትን እጥፍ ልስጥዎት። ነገ ባንክ እገባለሁ።»

«ምን እንደሆነች ሳላውቅ? ጤፍ እንኳ በእፍኜ ዘግኜ፣ አሽትቼ፣ ቆርጥሜ ነው የማየው። ይቺ በምንድን ነው የምትታየው?»

«በጆሮ» አለች ሰርካለም መሀላቸው ገብታ። «እትየ እናኑ፣ በጆሮ ነው። ማጉያም አለ። የሚመታትም አለ።»

እናኑ አጥሩ ሥር ወዳሉት ሽማግሌ አየች። «አያ ስማቸው፣ ይነሱ እስቲ። አሁን የጻድቁ አይደለችም፤ የኔ ናት። ባለቤቷ ፈቅዳለች።»

አያ ስማቸው ወዲያው አልተነሱም። ነገሩን አገላብጠው አሰቡት። ስለታቸውን ሰጥተዋል፤ ጻድቁም ተቀብለው ሸጠዋል፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ተነሱ።

ሁሉም ወደ እናኑ መጋዘን ሄዱ፤ ቤቱ ጣሪያ ድረስ ጆንያ ነው። መብራት የለም፤ በሩ ተከፍቶ ብርሃን ገባ። ሙሉቀን ማጉያዋን ከቦርሳው አውጥቶ ጆንያ ላይ አስቀመጠ፤ ገመዷን ሰካ፤ ትንሽዬ ቀይ መብራት በራች። አያ ስማቸው ጊታሯን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ለረጅም ጊዜ ክሮቹን ሲያጠብቁ፣ ሲያላሉ፣ ሲሰሙ ቆዩ። ክር ስለጎደለ በቀሩት ባቲ ቅኝት አወጡ። የትነበርሽ በሩ ላይ ቆማ፣ ገና ስፌቱ የሚያሳክካትን ሆዷን ይዛ አባቷን ታያለች።

«ሰርካለም» አሉ አያ ስማቸው፣ «እጄ አይበቃኝም። ነጯን ቁልፍ ተጫኛት።»

ተጫነች። ቀጭ አለ። ሽማግሌው መቱ።

ድምጿ ሰርካለም ከገመተችው አንዱንም አልሆነም። አልጮኸችም፣ አላንጎራጎረችም። ቀጭን ናት፣ ትንሽ ነፍናፋ፣ አፍንጫዋን ይዛ የምትስቅ ልጅ ዓይነት። ጆንያው ድምፁን ስለሚውጠው እያንዳንዱ ምት ብቻውን ይወጣል፣ ንጹህ ሆኖ፣ ከዚያ ይጠፋል።

«ቀይዋን።»

ቀይዋን ስትጫን ያቺው ዜማ ወፍራም ሆነች፣ ከጉድጓድ የምትወጣ መሰለች። ጥቁሯን ስትጫን ተንቀጠቀጠች፤ እናኑ «ውይ፣ በረዳት» አለች። ሰማያዊዋን ተጫነች። ዝም። ደግማ ተጫነች። ዝም።

«ሞታለች» አለ ሙሉቀን።

«ያቺስ ምን ትል ነበር?» አለች ሰርካለም።

«እሷማ ከሁሉ ሸጋዋ ነበረች» አሉ አያ ስማቸው። መቱ፣ መቱና እጃቸውን አነሱ። ጣታቸው ጫፍ ላይ ክሩ ቦይ አውጥቷል። «ጣቴ እንደ ሕፃን ለስልሷል እናንተዬ።»

ከዚያ ነጋዴዋ ተናገረች።

«አንተ ልጅ፣ ይቺ አምና ስንት ነበረች?»

ሙሉቀን ውሸት አልለመደበትም፤ ነገራት።

«ዘንድሮስ?»

ነገራት።

«ከርሞስ?»

«ይጨምራል።»

«በኋላስ?»

«ይጨምራል፣ እትየ። ፋብሪካው ተዘግቷል።»

እናኑ ጆንያዎቿን አየች፣ ጊታሯን አየች። «እንግዲያው ምን አስቸኮለኝ? እየጨመረ ያለ እህል ስሸጥ አይተኸኛል?»

ሙሉቀን መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ቀጥሎ መሳቅ ጀመረ፣ መነጽሩን እስኪያወልቅ ሳቀ። ራሱ ያስረዳውን ነው የመለሰችለት። «ግን እትየ፣ መጋዘን ውስጥ አይጥ አለ።»

«ድመትም አለች።»

«እኛ ቤት ብትቀመጥስ?» አለች ሰርካለም።

«ለጻድቁ የሰጠሁት ቤቴ አይመለስም» አሉ አያ ስማቸው። «በገበያ ቀን ግን መጥቼ ነቀዝ እንዳልገባት አያለሁ።» እናኑ፣ «ይዩ፤ በኪራይ አይደለም» አለች። በዚሁ አለቀ።

ሙሉቀን ሲሄድ ማጉያዋን አልወሰደም። ጆንያው ላይ ትቷት ወጣ። «ሳትመታ ከቆየች ሌሎቹም ማግኔቶች ይሞቱብኛል» አለ፤ ምክንያት መሆኑ ነው። ነጭ ጫማው ቡኒ ሆኖ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ጊታሯ አዘዞ ቀረች። ከጤፉ በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅላለች፤ የገበያ ቀን ትወርዳለች። ሰርካለም ቁልፍ ተጫኝ ናት። ገበሬዎች እህል ሊያስመዝኑ መጥተው፣ «ነጯን አድርጊልን፣ የምትስቀዋን» ይሏታል።

ኅዳር ላይ ሙሉቀን መልእክት ላከላት። ሰርካለም እናኑ ጤፍ ስትሰፍር ጮክ ብላ አነበበችላት፤ ያቺው ዓይነቷ ጊታር ውጭ አገር ተሸጣለች፣ ካምናው በጣም ጨምራለች ይላል። «ሸጋ» አለች እናኑ፣ መስፈሪያውን ሳታስቀምጥ።

«ሌላም አለ። ‹ሰማያዊዋን ቁልፍ ማንም እንዳይነካት። ከተጠገነች የድሮዋ አይደለችም ይላሉ፤ ዋጋዋ ይወርዳል› ይላል።»

«ስንት ይወርዳል?»

«አላለም።»

እናኑ መስፈሪያውን አስቀመጠች። ወደ ላይ ጊታሯን፣ ከዚያ ጣታቸውን በቅቤ እያሹ ጥግ የተቀመጡትን አያ ስማቸውን አየች።

«አያ ስማቸው፣ ከሁሉ ሸጋዋ ነበረች ነው ያሉኝ?»

«ነበረች።»

እናኑ እንደገና መስፈር ጀመረች። አንድ ሞላች፣ ሁለት ሞላች።

«ጠዳ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ አለ» አለች። «እጁ ሸጋ ነው።»